ፋታ ለጠፋበት ቤት፦ ሰንበትን ከማክሰኞ ጀምሮ ማሰናዳት

እሑድ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ቅዳሴ የቆሙ፣ ልባቸው ግን ባልተጋገረው እንጀራ፣ ባልተመለሰው ስልክና ከሰዓት በኋላ በተደራረበው ጥሪ ላይ የቀረ ምእመናን ብዙ ናቸው። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» (ልባችሁን ከፍ አድርጉ) ሲል «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» (በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ ነው) ብለው በአፋቸው ይመልሳሉ፤ ልብ ግን ቤት ነው። እንዲህ የደከመውን ሰው «በርትተህ ጸልይ» ብሎ መሸኘት በሸክም ላይ ሸክም መጨመር ነው። ጌታ ሐዋርያቱ ከአገልግሎት ሲመለሱ፣ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡበት ሰዓት ያላቸው «እናንተ ራሳችሁ ብቻችሁን ወደ ምድረ በዳ ኑና ጥቂት ዕረፉ» ነው (ማር. 6፥31)።

እሑድ ፋታ የሚጠፋው አስቀድሞ፣ ማክሰኞ ሊጡ ሳይቦካ ሲቀር፣ ሐሙስ «እሺ፣ እመጣለሁ» ተብሎ ቃል ሲሰጥ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 እስራኤል መናውን በስድስተኛው ቀን እጥፍ እንዲሰበስቡ ታዝዘው ነበር። በሰባተኛው ቀን ሊለቅሙ የወጡት ምንም አላገኙም። ዕረፍቱ የእግዚአብሔር ስጦታ ቢሆንም እጥፉን መልቀም ግን ለሰው የተተወ ሥራ ነበር። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከዚሁ የተወሰደ ነው፤ በጎንደር ኑሮ፣ በጎንደር ገበያና በጎንደር ማኅበራዊ ሕይወት ልክ የተሰፋ ነው።

መጀመሪያ ሩጫውን ወረቀት ላይ ማውጣት

ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ አምስት ደቂቃ ይውሰዱና ከመደበኛ ሥራ ውጭ የዋሉበትን ሁሉ በአንድ ደብተር ይጻፉ፤ ለቅሶ፣ እቁብ፣ ስብሰባ፣ ገበያ፣ ስልክ ላይ ያለፈውን ሰዓት ጭምር። ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ፊደል ያስቀምጡ። የግድ ከሆነ «ግ»፣ ወድደው ለፍቅር ያደረጉት ከሆነ «ፍ»፣ ሰው ምን ይለኛል ብለው ከሆነ «ይ»። «ይ» ይሉኝታ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይቀንሱ፤ መጻፍ ብቻ ነው። ወዲያው መቁረጥ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጠው ጸሎቱንና እንቅልፉን ነው፤ ሁለቱ ብቻ ናቸውና «ለምን ቀረህ?» ብለው የማይወቅሱት።

ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩን ይዘው ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ። ቅዳሴ እንዳለቀ በር ላይ አይያዟቸው፤ ያን ጊዜ ሃያ ሰው ይጠብቃቸዋል። በጾም ወራትም ወረፋው ይበዛል። በአዘቦት ቀን ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ይጠይቁ። ሁለት ነገር ብቻ ይዘው ይግቡ፤ ለአቅሜ የሚሆነው የጸሎት መጠን ምን ያህል ነው? ከማኅበሮቼስ የትኛው ይቅር? የንስሐ አባት ይህን ለመወሰን ሥልጣን አላቸው። እሳቸው «ይህ ይብቃህ» ያሉት ሰው በኋላ የሚመጣበት ጸጸት ይቀልለታል፤ በራሱ የወሰነ ግን በየበዓሉ ይናወጣል።

ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ማታ

ከቤት ሥራ ሁሉ እሑድን የሚበላው እንጀራ ነው። ስለዚህ ቆጠራው ከሊጥ ይጀምራል። ጤፉን ማክሰኞ ማታ በእርሾ ያቡኩ። የጎንደር አየር ደጋማ ስለሆነ ሊጥ እስኪደርስ ሦስት ቀን ያህል ይፈልጋል፤ በክረምት ቅዝቃዜው ሲበረታ ሰኞ ማታ ማቡካት ይሻላል። ዐርብ ከሥራ መልስ ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ ይድፉ፣ ከሊጡ ቀንሰው አብሲት ይጣሉ፣ በረድ ሲል መልሰው ይቀላቅሉና ኩፍ እስኪል ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ ይጋግሩ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይበላሻል። ቸኩለው ኩፍ ሳይል የጋገሩት እንጀራ ዓይን አያወጣም። ቅዳሜ ማታ ይደርሳል ተብሎ የተተወ ሊጥ መብራት ከጠፋ ያድራል፣ ይኮመጥጣል፤ እሑድ ማለዳ ወደ ምጣድ ያስሮጣል። ዐርብ መጋገር መብራት ቢጠፋ እንኳ አንድ ሙሉ ቀን መጠባበቂያ ይሰጣል። ሦስተኛው፣ እንጀራው ሳይበርድ መሶብ ከገባ ያልበዋል፣ እስከ እሑድም ይሻግታል። ሰፌድ ላይ ዘርግተው በደንብ ካቀዘቀዙት ግን በዚህ አየር ሦስት ቀን ያለ ችግር ይቆያል። መጠኑን ሲያሰሉ የቤተሰቡን የቅዳሜና የእሑድ ቀለብ ይያዙና ለእንግዳ አምስት እንጀራ ይጨምሩ። ያልታሰበ እንግዳ እሑድ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣ ምጣድ የማያስጥድ ቤት እንግዳውን በደስታ ይቀበላል።

ወጡን ቀላል ያድርጉት። ዶሮ ወጥ ግማሽ ቀን ሽንኩርት ሲያቁላሉ የሚያውል ሥራ ነው፤ ለፋሲካና ለገና ይሁን እንጂ ለየእሑዱ አይሁን። ምስር ወይም ክክ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ይሠራና ያድራል፤ እሑድ እስኪፈላ ድረስ በደንብ አሙቆ ማቅረብ ነው። ሽሮ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል።

ቅዳሜን በተመለከተ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ሁለቱንም ሰንበታት ታከብራለች፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የጸናው ይኸው ነው። በገጠሩ ዛሬም ቅዳሜ በሬ አይጠመድም። ከተማው ውስጥ ግን ገበያው የሚደምቀው ቅዳሜ ነውና ሙሉ በሙሉ ሥራ አቁሙ ቢባል ብዙ ቤት አይችልም። የሚቻለው ከባዱን ሥራ ማለትም ልብስ ማጠብን፣ እህል ማስፈጨትንና መጋገርን እስከ ዐርብ ማታ ጨርሶ፣ ቅዳሜ ገበያ በማለዳ ወጥቶ እስከ 4 ሰዓት መመለስ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ገበያው ይጨናነቃል፣ ባጃጅም ይጠፋል፣ የሁለት ሰዓት ሥራ ቀኑን ይወስዳል።

እሑድ የሚቆርብ ሰው ካለ የቅዳሜው ሰዓት ከዚህም ይጠብቃል። ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት መጾም ግዴታ ስለሆነ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ የሚቀበል ሰው ቅዳሜ ቀን 9 ሰዓት ላይ መብላቱን መጨረስ አለበት። ምሳውን እስከ 8 ሰዓት ተኩል ማድረስ ለመላው ቤት ይጠቅማል፤ ማእዱ ቶሎ ከተነሣ ዕቃውም ቶሎ ይታጠባል።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዕለቱ የሚገባው ከዋዜማው ነው። ስለዚህ ቅዳሜ 12 ሰዓት ማታ ወሰኑ ይሁን። ከዚያ በፊት ውሃ በየጀሪካኑ ተሞልቶ፣ ነጠላውና የልጆች ልብስ ተተኩሶ፣ ጫማ ተጠርጎ፣ ከሰል ተዘጋጅቶ፣ ለሙዳየ ምጽዋትና ለባጃጅ የሚሆን ዝርዝር ብር አንድ ቦታ መቀመጥ አለበት። ዝርዝር ፍለጋ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን እሑድ ጠዋት ሰው የሚቆጣው በእንዲህ ያለው ነው። የከተማው ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ተራው እሑድ ላይ የወደቀበት ሰፈር ይኖራል። ያን ጊዜ ያለ ጸጸት ይቅዱ። ጌታ ራሱ በሰንበት ጉድጓድ ውስጥ የወደቀውን በሬ ወዲያው የማያወጣ ማን ነው ብሎ ጠይቋል (ሉቃ. 14፥5)።

12 ሰዓት ሲሆን የስልኩ ዳታ ይዘጋል። ስልኩን ጨርሶ ማጥፋት በሽተኛ ወይም አረጋዊ ላለበት ቤት አይሆንም፤ ጥሪ ብቻ ክፍት ይሁን። ቴሌግራምና ቲክቶክ ግን እስከ ሰኞ ማለዳ ይቆዩ። አለቃዎና ደንበኞችዎ ይህን አስቀድመው ይወቁት፤ አንድ ወር ያህል ካለማወላወል ከጸኑ ይለምዱታል። አንድ እሑድ መልሰው፣ አንድ እሑድ ዝም ካሉ ግን እንደ ንቀት ይቆጠርብዎታል።

እሑድ

ቅዳሴው ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ከመጀመሪያው ይድረሱ፣ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» እስኪል ይቆዩ። ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ የሚወጣ ሰው ያተረፈው ግማሽ ሰዓት ያው በጥድፊያ ያልቅበታል። ከዚያ ሰንበቴ ካለ ጠበል ጻዲቅ ቀምሶ ወደ ቤት መሄድ ነው፤ ስብሰባን ከቅዳሴ መልስ መቀጠር እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው። የኮሚቴ ሥራ ያለበት ሰው ወደ ሌላ ቀን ማታ እንዲዛወር ይጠይቅ።

ማእድ በአንድነት ይቀርባል። ከዚያ ቡና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲጠጣ ቁጭ ብሎ መጫወት ራሱ ዕረፍት ነው፤ የሚፈላው ግን ሁልጊዜ በአንዲት ሴት እጅ ከሆነ ለእሷ ዕረፍት አይደለም። በዚህ ጉዳይ መለሳለስ አይገባም። በዘዳግም 5፥14 የሰንበት ትእዛዝ ልጆችን፣ አገልጋዮችን፣ መጻተኛውን፣ በሬንና አህያን ሳይቀር ይጠራል፤ ወንዱም ሴቱም አገልጋይ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ ይላል። አባወራው ጋቢ ለብሶ ጋደም ብሎ እማወራዋ ከጓዳ ካልወጣች፣ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ማለዳ ተነሥታ ማታ ድረስ ከቆመች፣ በዚያ ቤት ትእዛዙ አልተፈጸመም። ሠራተኛ ያለበት ቤት እሑድ እሷም እንድታስቀድስና ከሰዓት በኋላ ነፃ እንድትሆን ያድርግ። ዕቃ ማጠቡን ልጆች በተራ ይያዙ፤ ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ ስኒ ማጠብ ይችላል። ባልም ከሰል ያያይዝ፣ ውሃ ያቅርብ።

ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት መተኛት ነውር የለበትም። ነቢዩ ኤልያስ ደክሞት ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ መጀመሪያ ያደረገለት ማብላትና ማጠጣት ነው። ከበላና ከጠጣ በኋላም ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩ ሁለተኛ እስኪቀሰቅሰው ድረስ (1ኛ ነገ. 19)። ቀኑን ሙሉ መተኛት ግን ሌሊቱን ያዛባል፤ ሰኞም ከበፊቱ ደክሞት ይነሣል።

ወደ 10 ሰዓት ገደማ ከቤት ይውጡ። አንድ በሽተኛ ወይም አንድ አረጋዊ ይጠይቁ፤ አንድ ብቻ፣ ረጋ ብለው ተቀምጠው። ከዚያ በአንዱ ዐፀድ ጥላ ሥር ማረፍ ነው። የጎንደር ሰው በዚህ ታድሏል፤ አርባ አራቱ ታቦታት ባሉበት ከተማ ለማንኛውም ሰፈር ቅርብ የሆነ፣ ጥድና ወይራ የከበበው ቅጽር አይጠፋም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከሰዓት በኋላ ጸጥ ይላል። እግር ለማፍታታት የሚፈልግ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ዳገቱን ይውጣ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ይህች ደብር ስሟን ያገኘችው እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ካረፈችበት የግብጽ ተራራ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው የጽጌ ወቅት፣ በተለይም ኅዳር 6 በበዓሉ ዕለት ቦታው በሰው ይሞላል፤ ጸጥታ ፈልጎ የሚሄድ ሌላ ጊዜ ይምረጥ። ቢቻል ስልኩን ቤት ትቶ መሄድ ጥሩ ነው።

ማኅበርና ጽዋ ሲበዛ

ሒሳቡ ቀላል ነው። ዐሥራ ሁለት አባላት ያሉት ወርኃዊ ማኅበር በዓመት አንድ ጊዜ ያስደግሳል፣ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ያሰበስባል። የ12ቱ ሚካኤል፣ የ21ዷ ማርያምና የ27ቱ መድኃኔዓለም ሦስት ማኅበር ያለበት ሰው በዓመት ሦስት ድግስና ሠላሳ ስድስት ቀጠሮ አለበት። በዚህ ላይ እድር፣ ሰንበቴ፣ ልደት፣ ሠርግና ተዝካር ይጨመራል። ጽዋው ለበረከትና ለፍቅር የተሠራ ነው። ብዛቱ ግን ፍቅሩን ይበላዋል፤ ሰው የሚቀመጠው ሰዓት እያየ ነው።

አንድ ማኅበርና አንድ እድር ይያዙ። ከሌላው ሲወጡ ሥርዓት አለው፤ ተራዎ ሳይደርስ ሳይሆን ድግስዎን አብልተውና አጠጥተው፣ ያለብዎትን መዋጮ ከፍለው፣ ለማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ለመሪው፣ በአካል ቀርበው ይንገሩ። በስልክ መልእክት አይሆንም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ በረከታችሁ አይለየኝ፤ አቅሜ አልበቃ ብሎ ነው፣ በጸሎታችሁ አስቡኝ» ማለት ይበቃል። ምክንያት መደርደር አያስፈልግም፤ የተደረደረ ምክንያት አንድ በአንድ መልስ ያገኝና እንደገና ያስገባዎታል። ሙሴው ራሱ ቢደክመው ደግሞ የስሙን ባለቤት ይከተል፦ ዮቶር ሙሴን «ይህን ብቻህን ልታደርገው አትችልም» ብሎ ሥራውን ለሻለቆች፣ ለመቶ አለቆች፣ ለአምሳ አለቆችና ለዐሥር አለቆች እንዲያከፋፍል መክሮታል (ዘጸ. 18)። ማኅበሩን መተው የማይፈልጉ ደግሞ ድግሱ በዳቦና በጠላ እንዲወሰን ሐሳብ ያቅርቡ። አብዛኛው ቤት ይህን ሐሳብ ሌላ ሰው እንዲያነሣለት እየጠበቀ ነው።

ለቅሶ ግን አይቀነስም። ቀብርና ሠልስት ይድረሱ፤ ያዘነን ሰው ማጽናናት ከሰንበት ሥራ ይቆጠራል። የሚቀነሰው በድንኳኑ ውስጥ ለመታየት ብቻ የሚቀመጡት ተጨማሪ ምሽት ነው።

በየዕለቱ

ሰባቱን የጸሎት ሰዓታት በአንድ ጊዜ ለመያዝ የተነሣ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ይተዋል። በሦስቱ ይጀምሩ፤ ነግህ ከአልጋ እንደተነሡ ስልክ ሳይነኩ፣ ቀትር 6 ሰዓት ላይ ባሉበት ቆመው፣ ንዋም ማታ 3 ሰዓት ላይ። ዐሥር ደቂቃ ለነግህ፣ ሁለት ደቂቃ ለቀትር፣ ዐሥር ደቂቃ ለንዋም ይበቃል። መዝሙረ ዳዊትን በየዕለቱ ድርሻ ለማድረስ የሰኞው ብቻ ከ1 እስከ 30 ነው፤ ለጀማሪ ይከብዳል። በቀን ሦስት መዝሙር ቢደግሙ 150ው በ50 ቀን ያልቃል። ከንዋም በኋላ ስልኩ ሳሎን ይደር። 4 ሰዓት ተኝቶ 11 ሰዓት የሚነሣ ሰው ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ያገኛል፤ ከዚያ ያነሰው ለአብዛኛው ሰው አይበቃም።

ሥርዓቱ የሚናጋባቸው ቦታዎች

እሑድ ተረኛ የሆነች ነርስ፣ የሆቴል ሠራተኛና ጥበቃ ከዚህ ሥርዓት አልወጡም። ካህናት በመቅደስ ሰንበትን ሲሠሩ በደል እንደሌለባቸው ጌታ ተናግሯል (ማቴ. 12፥5)። በተረኝነቱ ፈንታ ከሚያገኙት ቀን 24 ሰዓት ይምረጡ፤ ከዋዜማው 12 ሰዓት እስከ ማግስቱ 12 ሰዓት ከላይ ያለው ዝግጅት በሙሉ ለዚያ ቀን ይሁን። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ ዕረፍት እንደሚሰጠው ይወቅ። ሱቅ ያለው ምእመንም ረዳቱን ይህን ቀን አይከልክለው።

ዕረፍቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ አይልም። እጅ ሥራ ይፈልጋል፣ ልብ ይረበሻል፣ ያልተሠራው ሁሉ ፊት ላይ ይደቀናል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ያን ጊዜ መቁጠሪያ ይዘው አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበሉ፤ ወይም የሚያሳስብዎትን በወረቀት ጽፈው ለሰኞ ያሳድሩት። አንድ እሑድ ቢበላሽ ሥርዓቱ ሁሉ ፈረሰ ማለት አይደለም፤ የሚቀጥለው ማክሰኞ ሊጡ ይቦካል።

ሌላው ዝም ተብሎ የማይታለፍ ነገር፣ በደንብ ተኝተውና አርፈው ድካሙ ለሳምንታት ካልለቀቀ፣ ምግብ ካስጠላ፣ እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ ወይም ልብ ከተስፋ መቁረጥ ካልወጣ ነገሩ ሩጫ ብቻ ላይሆን ይችላል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢና የድባቴ ሕመም እንዲህ ያደክማሉ። ጠበል እየተጠመቁ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ እርስ በርሱ አይጣላም፤ የታዘዘን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ጉዳት አለው።

በመጨረሻ ጥር አለ። ለጥምቀት ከየአገሩ ዘመድ ወደ ጎንደር ይጎርፋል፤ ከከተራው ጥር 10 እስከ ቃና ዘገሊላ ጥር 12 በየቤቱ መሬት ላይ ፍራሽ ይነጠፋል። ለዚህ ሰሞን ዝግጅቱ ከታኅሣሥ አጋማሽ ይጀምር። በርበሬና ሽሮ አስቀድሞ ይፈጭ፤ ማን መቼ እንደሚመጣ በስልክ ይጠየቅ፤ ከጎረቤት ጋር ፍራሽና ብርድ ልብስ መዋዋስ ይነጋገሩ። ከተራ ጾመ ገሃድ ስለሆነ የዚያ ዕለት ማእድ የጾም ይሆናል፤ የፍስኩ ወጥ ለማግስቱ ነው። እንግዶቹን ሥራ ይስጧቸው፤ አንዷ ሽንኩርት ትክተፍ፣ አንዱ ውሃ ይቅዳ። የቤቱ እመቤት ታቦቱ ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲነሣ ከሕዝቡ ጋር እልል እንድትል፣ በዚያ ሰዓት ጓዳ የሚጠብቅ ሰው ከወዲሁ በተራ ይመደብ።